የአካባቢ ስካውት ምክር ቤት የዓመት ዕቅድ፦ የወጣቶች ዕድገትና የማኅበረሰብ አገልግሎት እንዴት ይጣመሩ?

ጸሐፊው፦

ጤና ይስጥልኝ። የአካባቢያችን ስካውት ምክር ቤት የመጪውን ዓመት ዕቅድ እያዘጋጀ ነው። በሥሩ 11 ቡድኖች አሉ፤ ከ7 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆችና ወጣቶች ይገኙባቸዋል። ቡድኖቹ በየሳምንቱ ለየብቻ ይሰበሰባሉ። ምክር ቤቱ የመሪዎችን ሥልጠና፣ የድንኳንና የካምፕ ዕቃ ግምጃ ቤቱን፣ እንዲሁም ከትምህርት ቤቶችና ከሌሎች ተቋማት ጋር ያለውን ግንኙነት ይይዛል።

ልጠይቅ የፈለግሁት፦ ሁሉም ቡድኖች በአንድ ላይ የሚሳተፉበት ዝግጅት በዓመት ስንት ቢሆን ነው የማያጨናንቃቸው? የማኅበረሰብ አገልግሎቱስ ቆሻሻ ለቅሞ፣ ፎቶ ተነሥቶ ከመበተን አልፎ ልጆቹን የሚያሳድግ እንዲሆን ሥራው እንዴት ይመረጥ? ከ14 ዓመት በላይ ያሉት ቁጥራቸው እየሳሳ ስለሚሄድ እነሱን የሚይዝ ነገርም ያስፈልገናል። ሪፖርቱ ላይ «ይህን ያህል ሰዓት አገለገልን» ከማለት ሌላ ምን ይቆጠራል? ቁጥርና ቅደም ተከተል ያለው መልስ ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል።

ገመድና ቋጠሮ፦

ሰላም ወንድሜ። ከቀን መቁጠሪያው ጀምሩ፤ ዕቅድ ብዙውን ጊዜ የሚፈርሰው እዚያ ነው። 52 ሳምንት አለን ብሎ የሚያቅድ ምክር ቤት ዓመቱ ሳይጋመስ መሰረዝ ይጀምራል። መጀመሪያ የፈተና ሳምንታትን፣ ረጅሙን የትምህርት ቤት ዕረፍት፣ በዓላትን፣ የአየሩ ጠባይ ከቤት የማያስወጣበትን ጊዜ አውጡ። 36 ሳምንት ቀረ እንበል። ከእሱም ከየስድስቱ አንዱን ባዶ ተዉት፤ የተሰረዘ ስብሰባ፣ የዘገየ ሥራ፣ ያልታሰበ ጥሪ የሚገባበት ቦታ ይሆናል። ስለዚህ በእጃችሁ ያለው 30 ስብሰባ ነው ማለት ነው።

አሁን ሒሳቡን ተመልከቱ። አንድ ትልቅ የጋራ ዝግጅት ከቡድኑ ላይ የሚወስደው የዝግጅቱን ቀን ብቻ አይደለም። ከፊቱ ሁለት የመዘጋጃ፣ ከኋላው አንድ የግምገማ ስብሰባ ይፈልጋል፤ በድምሩ 4። አራት የጋራ ዝግጅት ካላችሁ 16 ስብሰባ ሄደ፣ 14 ለቡድኑ ቀረ። ስምንት ካላችሁ ግን 32 ይሆናል፤ ያለው 30 ነው። የቡድን መሪዎች «ጊዜ አጣን» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሩት ስለዚህ ነው። የእኔ ምክር 4 ነው፦ በዓመቱ መግቢያ የመሪዎችና የፓትሮል (በቡድኑ ውስጥ ያለ አነስተኛ የልጆች ክፍል) መሪዎች ሥልጠና፣ በመሃል የጋራ የአገልግሎት ወቅት፣ ካምፕ፣ መጨረሻ ላይ የግምገማና የዕቅድ ጉባኤ። የቀረውን ለቡድኖቹ ተዉላቸው።

ዕቅዱ ከታች ወደ ላይ ይምጣ። እያንዳንዱ ፓትሮል 3 ሐሳብ ያቀርባል፤ የቡድኑ የፓትሮል መሪዎች ጉባኤ ከዚያ ውስጥ ይመርጣል፤ ከየቡድኑ 2 ወጣቶች፣ በእናንተ ቁጥር 22 ማለት ነው፣ ወደ ምክር ቤቱ ጉባኤ ይመጣሉ። አዋቂ መሪዎቹ የሚጨምሩት ሦስት ነገር ነው፦ ቀን፣ ገንዘብና ደኅንነት። ይህ የሚበላሸው መሪዎች ያለቀ ዕቅድ ይዘው መጥተው «ተስማምታችኋል?» ብለው ሲጠይቁ ነው። ልጆቹ እጃቸውን ያወጣሉ፤ ቀኑ ሲደርስ ግን ግማሾቹ አይገኙም።

ፓትሮሉ ራሱ ከ6 እስከ 8 ልጅ ይሁን። ከ5 በታች ከሆነ ሁለት ልጅ ሲቀር ሥራ የሚከፋፈለው ሰው ያልቃል፤ ከ8 በላይ ከሆነ ደግሞ ሁልጊዜ ዳር የሚቆም ይፈጠራል። የስካውት መሥራች ቤደን ፓወል በ1907 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ በብራውንሲ ደሴት የሙከራ ካምፑን ሲያካሂድ 20 ያህሉን ልጆች በአራት ፓትሮል ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ከልጆቹ መካከል መሪ ሰጥቶ ነበር። ዛሬም ሌላው ሁሉ የሚቆመው በዚህ አከፋፈል ላይ ነው። ምክር ቤት ገንዘብ አጥሮት አንድ ነገር ብቻ የመሥራት ዕድል ቢኖረው የፓትሮል መሪዎችን ያሠልጥን እላለሁ።

ሥልጠናው ሁለት ቀን ይበቃዋል። የ15 ደቂቃ የፓትሮል ስብሰባ መምራት፣ ሥራ ማከፋፈል፣ አንድን ክህሎት ማስተማር (አሳይ፣ አብረህ ሥራ፣ ብቻውን ይሥራ፣ ለሌላ ያስተምር)፣ ድምፁ የጠፋ ልጅን ማስተዋል፣ ከዓቅም በላይ የሆነን ነገር ለማን እንደሚነግሩ ማወቅ። ንግግር ከ20 ደቂቃ አይለፍ፤ ቀሪው በእጅ የሚሠራ ይሁን። ከዚያ በወር አንድ ጊዜ የቡድኑ መሪ ከፓትሮል መሪዎቹ ጋር ለ40 ደቂቃ ይቀመጥ። ይህ ወርኃዊ ስብሰባ ከቀረ ሥልጠናው በሁለት ወር ውስጥ ተረስቶ ያልቃል።

ለካምፑ ከቀኑ ወደ ኋላ ቁጠሩ። 12 ሳምንት ሲቀረው ቦታው ታይቶ በጽሑፍ ይፈቀድ፤ ውኃው ከየት እንደሚመጣ፣ መኪና እስከ የት እንደሚገባ፣ ቅርብ ያለው ጤና ተቋም ስንት ደቂቃ እንደሚርቅ ይመዝገብ። 10 ሲቀረው በጀቱና ለወላጆች የሚላከው ማስታወቂያ ይውጣ። 8 ሲቀረው ፓትሮሎቹ የምግብ ዝርዝራቸውንና የሚወዳደሩበትን ነገር ይምረጡ። 6 ሲቀረው የፈቃድና የጤና ቅጽ መሰብሰቢያው ይዘጋ። 4 ሲቀረው እያንዳንዱ ድንኳን ተዘርግቶ ይታይ፤ ከረጢቱን ቆጥሮ «ሙሉ ነው» ማለት አይበቃም፣ ካስማና ምሰሶ የሚጎድለው ውስጥ ነውና። 2 ሲቀረው መሪዎቹ ብቻ ወደ ቦታው ሄደው መንገዱን በእግርና በመኪና ይፈትሹት። የውኃው ንጽሕና የሚያጠራጥር ከሆነ ለመጠጥ የሚሆነው ይፈላ፦ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ለሚበልጥ ቦታ 3 ደቂቃ።

ችግኝና ባልዲ፦

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ እኔ ስለ አገልግሎቱ ልጨምር።

አገልግሎት ለስካውት ከትምህርቱ ሲተርፍ የሚሠራ ነገር አይደለም። የማኅበረሰብ ተሳትፎ ከ2017 እ.ኤ.አ. የዓለም ስካውት ጉባኤ ወዲህ ከስካውት ዘዴ ስምንት ክፍሎች እንደ አንዱ ተቆጥሯል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ሥራ «ልጁ ከዚህ በፊት ምን ክህሎት ይማራል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለው ሥራው ለልጆቹ ጉልበት ማዋጣት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ቀጥሎ «ተቀባዩ ጠይቋል ወይ?» በሉ። ሦስተኛው «ከስድስት ወር በኋላ ማን ይይዘዋል?» ነው። ብዙ መልካም ሥራ የሚቀረው እዚህ ሦስተኛው ላይ ነው።

ለምሳሌ ገመድ አስተሳሰር ተምረው ለአንድ ትምህርት ቤት በእግር የሚረገጥ የእጅ መታጠቢያ መሥራትን ውሰዱ። ለአንዱ የሚያስፈልገው፦ 2 ሜትር የሚሆኑ ሁለት ባላዎች፣ 1 ሜትር ያህል የሆነ ቀጥ ያለ አግዳሚ እንጨት፣ ለእግር መርገጫ የሚሆን ዱላ፣ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን፣ ገመድ፣ ሲባጎ፣ ሳሙናና ጠጠር። ባላዎቹ በ70 ሴንቲ ሜትር ርቀት 50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ተቆፍሮ ይተከላሉ። ጀሪካኑ ከክዳኑ 10–12 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ በጋለ ምስማር ይበሳል። ምስማሩን የሚያግለውና የሚበሳው ትልቅ ሰው ወይም በእሱ ሥር ሆኖ ትልቁ ስካውት ይሁን፤ ምስማሩ በጉጠት ይያዝ። አግዳሚው በጀሪካኑ እጀታ ውስጥ ያልፍና ባላዎቹ ላይ ይቀመጣል። ሲባጎው ከጀሪካኑ አንገት ተነሥቶ ከመርገጫው ዱላ ጫፍ ጋር ይታሰራል። ሥሩ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ተቆፍሮ በጠጠር ይሞላል፤ ያለዚያ ጭቃና ትንኝ ነው የሚሆነው።

ባላ ካልተገኘ ወይም አግዳሚው የሚንሸራተት ከሆነ የተማሩት አስተሳሰር እዚህ ይገባል፦ ገመዱን በቆመው እንጨት ላይ ቋጥሮ መጀመር፣ ሁለቱን እንጨቶች 3 ጊዜ ዙሪያቸውን መጠምጠም፣ ከዚያ በእንጨቶቹ መሃል ጥምጥሙን 2 ጊዜ አንቆ ማጥበቅ፣ መጨረሻውን በአግዳሚው ላይ መቋጨት። የሚላላው ሁልጊዜ መሃል ላይ የሚዞረው ነው፤ ልጆች ጥምጥሙን በደንብ ይስቡና ማነቂያውን ይለቁታል። ሲያልቅ አግዳሚውን በእጃቸው ተጠልጥለው ይፈትሹት። የሚንቀሳቀስ ከሆነ ይፈታ፣ እንደገና ይታሰር።

ሲባጎው ከአጠረ ጀሪካኑ ሳይረገጥም ያፈሳል፣ ከረዘመ ሲረገጥ አያጎነብስም። ዱላው መሬት ሳይነካ ከ15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ እንዲንጠለጠል አድርጉት። ሳሙናው ተበስቶ በሲባጎ ይንጠልጠል፤ ዝናብ እንዳይጨርሰው የተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከላዩ ይደፋበት። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ውኃ የሚሞላውና ሳሙና የሚተካው ማን እንደሆነ ከትምህርት ቤቱ ጋር በወረቀት ላይ ይስፈር። ይህ ካልተደረገ ጀሪካኑ በሁለተኛው ሳምንት ባዶ ሆኖ ነው የምታገኙት፤ ልጆቹም የደከሙበት ነገር ተጥሎ ሲያዩ ለሚቀጥለው ሥራ ልባቸው አይነሣም።

ችግኝ ተከላን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፦ የምትተክሉት ቁጥር የሚወሰነው በምታጠጡት ውኃ ነው። 20 ችግኝ ለእያንዳንዱ 10 ሊትር ቢባል በአንድ ጊዜ 200 ሊትር ነው፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢሆን 10። አንዱ ሙሉ ጀሪካን 20 ኪሎ ስለሚመዝን ለ12 ዓመት ልጅ አይሰጥም፤ በ5 ሊትር ዕቃ ይመላለስ። ይህንን በደረቁ ወቅት በየሳምንቱ የሚያደርግ ስንት ሰው አለ? ከዚያ ተነሥታችሁ ቁጥሩን ወስኑ። አንድ ፓትሮል 20 ተክሎ 17 ቢጸድቅለት፣ 200 ተክሎ 30 ከሚጸድቅለት ይልቅ የተማረው ይበልጣል።

አተካከሉ ላይ የሚበላሸውን ታውቁት ይሆናል፤ ግን በየዓመቱ ስለሚደገም ልጻፈው። ፕላስቲኩ ሳይቀደድ የሚተከል አለ፤ ሥሩ ታፍኖ ችግኙ ከጥቂት ወር በኋላ ይደርቃል። ስለዚህ እያንዳንዱ ፓትሮል የቀደደውን ፕላስቲክ ቆጥሮ ያስረክብ፣ ከተተከለው ቁጥር ጋር ይመሳከር። በፕላስቲኩ ውስጥ የተጠማዘዘ ሥር ካለ ይቆረጥ ወይም ይፈታ። ጉድጓዱ ስፋቱ ከሥሩ አፈር ሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይሁን፤ ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት ቦታ ከመሬቱ ጋር እኩል ይምጣ፣ አይቀበር። ከ5–10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ ሣር ወይም ቅጠል ዙሪያውን ይጎዝጎዝ፣ ግንዱን ግን አይንካ። ጉድጓዱ ከ2–3 ሳምንት አስቀድሞ ተቆፍሮ ቢቆይ የተከላው ቀን ለተከላ ብቻ ይሆናል። በ3ኛው፣ በ6ኛውና በ12ኛው ወር ቆጠራ ይደረግ፤ ቀኖቹ አሁኑኑ ዕቅዱ ላይ ይግቡ።

ጽዳት ከሆነ ደግሞ ወፍራም ጓንት፣ የተሸፈነ ጫማ፣ ሦስት ዓይነት ከረጢት (ፕላስቲክ፣ ብረትና ጠርሙስ፣ ሌላ) ይዘጋጅ። መርፌና ስለት ልጅ አይነካም፤ ያየው ልጅ ቆሞ እጁን ያነሣል፣ መሪው በመቆንጠጫ አንሥቶ ክዳን ባለው ጠንካራ ዕቃ ውስጥ ይከተዋል። ከረጢቶቹ ይመዘኑ፣ ምን ዓይነት ቆሻሻ እንደበዛም ይጻፍ። ከዚያ ያ መረጃ ለሚመለከተው አካል ቢቀርብና ልጆቹ ራሳቸው ቢያስረዱት ጽዳቱ ወደ ዜግነት ትምህርት ይሻገራል።

ሁለት ዓይን፦

ደኅንነቱን ከዕቅዱ ጋር አብራችሁ ካልጻፋችሁት ኋላ የሚለጠፍ ነገር ይሆናል። የዓለም ስካውት ድርጅት ልጆችን ከጉዳት የመጠበቅ ፖሊሲ አለው፤ ወደ ቡድን ሲወርድ በእኔ እይታ የማይታለፈው ይህ ነው።

በማንኛውም ዝግጅት ቢያንስ 2 ትልልቅ ሰዎች ይኑሩ፣ ልጆቹ አምስት ብቻ ቢሆኑም። አንድ ትልቅ ሰው ከአንድ ልጅ ጋር ሌላ ሰው በማያይበት ቦታ አይሁን፤ ይህ የስልክ መልእክትንም ይጨምራል። መሪ ለልጅ የሚልከው መልእክት ሌላ መሪ ወይም ወላጅ ባለበት የጋራ መስመር ይሂድ። በካምፕ ትልልቆችና ልጆች በየራሳቸው ድንኳን ይደሩ። አዲስ መሪ ከመመደቡ በፊት በአካል ቃለ መጠይቅ ይደረግለት፣ ሁለት ምስክር ይጠየቅ፣ የአገሩ ሕግ የሚፈልገው ማጣራት ይደረግ። «ሰው አጥሮናል» በሚል የሚታለፈው ይኸኛው ነው፤ የሚያስከትለው ጉዳት ግን አንድ ካምፕ ከመሰረዝ እጅግ ይከፋል።

ለታናናሾቹ ለየ6 ልጅ አንድ፣ ለታላላቆቹ ለየ8 አንድ ትልቅ ሰው መድቡ። ከቦታ ወደ ቦታ ስትንቀሳቀሱ ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ይሁኑ፤ ቆጠራ ከመነሣት በፊት፣ መኪና ላይ፣ ሲደርሱ ይደረግ። አንዱ ይቆጥራል፣ ሌላው በስም ይጠራል፤ ሁለቱ ካልተገናኙ መኪናው አይንቀሳቀስ።

የጤና ቅጹ ላይ አለርጂ፣ የሚወሰድ መድኃኒትና ሰዓቱ፣ የሁለት ሰዎች ስልክ ይስፈር። ቅጽ ተሰብስቦ ቢሮ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። አንድ ቅጂ በታሸገ ፖስታ ከዝግጅቱ ኃላፊ ጋር ይሂድ፣ ሲመለስ ይወገድ ወይም ይቆለፍበት፤ የልጅ ሕመም የሁሉም ሰው ወሬ መሆን የለበትም። የፎቶ ፈቃድ ደግሞ ለብቻው ይጠየቅ። ካምፕ መምጣት የሚችል ግን ፎቶው እንዲወጣ የማይፈልግ ቤተሰብ አለ፤ ልጁን የሚለይ ምልክት ደረቱ ላይ ከመለጠፍ ይልቅ ፎቶ አንሺው ዝርዝሩን ይያዝ።

እያንዳንዱ ልጅ ከቡድኑ መሪ ውጭ ቅሬታ የሚነግረው ሰው በምክር ቤቱ ይኑረው፤ ስሙና ስልኩ በየስብሰባው ቦታ ይለጠፍ። ችግሩ ከቡድኑ መሪ ጋር ከሆነ ልጁ ሌላ መውጫ ያስፈልገዋልና።

ጸሐፊው፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የ30ው ስብሰባ ሒሳብ ብቻውን ብዙ ነገር ገለጠልኝ። የሪፖርቱና የትልልቆቹ ወጣቶች ጥያቄ ቀርቷል። በተለይ ቡድኖች የሚልኩት የአገልግሎት ሰዓትና ምክር ቤቱ የሚይዘው አይገጣጠምም።

መዝገብ ያዥ፦

የማይገጣጠመው አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ስለሚቆጠር ነው፦ ቡድኑ ይመዘግበዋል፣ የጋራ ዝግጅት ከሆነ ምክር ቤቱም ይመዘግበዋል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ አባል ቋሚ ቁጥር መስጠትና የሚመዘግበውን አንድ ማድረግ ነው። ቡድኑ ይመዝግብ፤ ምክር ቤቱ ይደምር።

ሠንጠረዡ ከ8 ዓምድ አይለፍ፦ ቀን፣ የሥራው ስም፣ የወጣቶች ብዛት፣ የትልልቆች ብዛት፣ የሥራ ሰዓት፣ የዝግጅት ሰዓት፣ የተሠራው ነገር በመለኪያ፣ የመከታተያ ቀን። 24 ስካውቶች ለ3 ሰዓት ቢሠሩ 72 የወጣት ሰዓት ነው፤ 5 መሪዎች ለ3 ሰዓት 15 ሲሆን ለብቻው ይጻፋል። የጉዞ ሰዓት አይደመር። የዝግጅት ሰዓት ግን ይመዝገብ፤ ዝግጅቱ ዜሮ የሆነበት ሥራ ልጆቹ ምንም ሳይማሩ የሠሩት መሆኑን ይጠቁማል።

ሰዓት ግን የደከሙትን ያሳያል እንጂ ያፈሩትን አያሳይም። ስለዚህ ጎን ለጎን ሌላ ቁጥር ይያዝ። ስንት ችግኝ በ12 ወሩ ቆሟል? ስንት መታጠቢያ በ6 ወሩ ውኃ አለው? ለልጆቹ ዕድገት ደግሞ ሦስቱን እመርጣለሁ፦ በዓመቱ መግቢያ ከተመዘገቡት ውስጥ መጨረሻ ላይ ያሉት ስንት ናቸው፤ ስንቱ ቢያንስ አንድ የዕድገት ደረጃ አልፏል፤ ስንቱ በዓመቱ ውስጥ አንድ ሥራ በኃላፊነት መርቷል። የመጀመሪያው በዕድሜ ተከፍሎ ይሰላ። 60 የ11–13፣ 25 የ14–17 ተመዝግበው መጨረሻ ላይ 54 እና 14 ቢቀሩ፣ አጠቃላዩ 80 በመቶ ነው፤ ደህና ይመስላል። ተከፍሎ ሲታይ ግን 90 እና 56 በመቶ ነው፣ ችግሩ የት እንዳለም ያኔ ይገለጣል።

ዓመቱ እስኪያልቅ አትጠብቁ። በተከታታይ 3 ስብሰባ የቀረ ልጅ የፓትሮል መሪው ይጠይቀው፤ አራተኛውንም ከቀረ የቡድን መሪው ቤተሰቡን ያነጋግር። በ6 ወር ውስጥ ምንም ደረጃ ያላለፈ ልጅ ካለ ችግሩ የልጁ ሳይሆን የፕሮግራሙ ሊሆን ስለሚችል ይታይ። ከእያንዳንዱ ትልቅ ሥራ በኋላ በ7 ቀን ውስጥ የ30 ደቂቃ ግምገማ ይደረግ፤ እያንዳንዱ ፓትሮል በአንድ ገጽ ምን ተሠራ፣ ምን ተበላሸና ለምን፣ ቀጥሎ ምን ይቀየር የሚለውን ይጻፍ። ከሳምንት ካለፈ የሚጻፈው ሁሉ «ጥሩ ነበር» ይሆናል።

የታላላቆች መሪ፦

የ14 ዓመት ወጣት የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ በ11 ዓመቱ የሠራውን ስለሚደግም ነው። ሌላ ጨዋታ አያስፈልገውም፤ ቢበላሽ የሚታይ ሥራ ይፈልጋል። ከምክር ቤቱ ሥራ እውነተኛ የሆኑትን ቆርሳችሁ ስጧቸው፦ የካምፑን ዕቃ መቀበልና ማስረከብ፣ የምግብ ግዢውን ዝርዝርና ሒሳብ፣ የካምፑን ካርታና የፓትሮሎችን ቦታ አደላደል፣ የታናናሾቹን የአንድ ቀን ፕሮግራም። ለእያንዳንዱ አንድ ትልቅ ሰው ይመደብ። እሱም ይጠይቃል፣ አይሠራላቸውም።

አንድ ልዩነት አለኝ፤ ከላይ 4 የጋራ ዝግጅት ተብሏል። ለታናናሾቹ ትክክል ነው። ለ14–17ቱ ግን 11 ቡድን ውስጥ ተበትነው በየቡድኑ ሁለት ሦስት ብቻ ስለሚሆኑ፣ በየሁለት ወሩ ለብቻቸው የሚገናኙበት መድረክ ብትጨምሩ ይሻላል። ሙሉ ቡድኑን ስለማያንቀሳቅስ የ30ውን ሒሳብ አያፋልስም። ብቸኝነት ከቡድን የሚያስወጣ ትልቅ ምክንያት ነው፤ እኩያ ሲያገኙ ይቆያሉ።

ለእነሱ የሚሆን ጥሩ አገልግሎት የመጀመሪያ እርዳታ ነው። ብቁ አሠልጣኝ ያሠለጥናቸው፣ ከዚያ በሕዝብ ዝግጅቶች በማሳያ ያግዙ። የልብና የሳንባ ማነቃቃትን ለአዋቂ ሲያሳዩ 30 ጊዜ ደረት መጫን፣ 2 ትንፋሽ፤ ጥልቀቱ ከ5–6 ሴንቲ ሜትር፣ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100–120። ወጣቶች ብዙ ጊዜ የሚስቱት ደረቱ ተመልሶ እስኪነሣ ሳይለቁ በላይ በላዩ መጫን ነው፤ ክንዳቸውንም ያጥፋሉ። በመለማመጃው አሻንጉሊት ላይ ለ2 ደቂቃ ሳያቋርጡ ይጫኑ፣ ሌላው ይቁጠርላቸው፣ ከዚያ ይቀያየሩ። በሁለት ደቂቃ የሚደክም መሆኑን ራሳቸው ሲያዩት ለምን መቀያየር እንደሚያስፈልግ መናገር አያስፈልግም። ክህሎቱ ስለሚረሳ በየ6 ወሩ ይደገም።

ጸሐፊው፦

የታላላቆቹን መድረክ በዕቅዱ አስገብቼዋለሁ፤ ሥራውንም ከዕቃ ግምጃ ቤቱ እንዲጀምሩ እናደርጋለን። ርክክቡ ላይ ልብ የሚባል ነገር ካለ ብትነግሩኝ?

ገመድና ቋጠሮ፦

ለእያንዳንዱ ድንኳን ቁጥር ስጡና በማይለቅ ቀለም ከረጢቱም፣ ጨርቁም፣ የምሰሶው ከረጢትም ላይ ጻፉ፤ አንዱ ከሌላው ሲቀያየር ነው ምሰሶ ጠፋ የሚባለው። የማስረከቢያ ወረቀቱ ላይ የካስማ ብዛት፣ የምሰሶ ብዛት፣ የገመድ ብዛት፣ የተቀደደ ቦታ ካለ ይጻፍ፣ የሚወስደውና የሚሰጠው ይፈርሙ። ሲመለስ እርጥብ ድንኳን ተጠቅልሎ አይገባም። ያንኑ ቀን ተዘርግቶ ይድረቅ፤ ስፌቱና ወለሉ በመጨረሻ ስለሚደርቁ ገልብጣችሁ በእጅ ዳስሱ። ሻጋታ ከያዘው ሽታው አይለቅም፣ ውኃ መከላከያውም ይላላል። ካስማዎቹ ጭቃቸው ተጠርጎ በራሳቸው ከረጢት ይግቡ፤ ከጨርቁ ጋር ከተጠቀለሉ ይበሱታል። የሚጠገነው በቀይ ጨርቅ ታስሮ በተለየ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ፣ ለሚቀጥለው ቡድንም እስኪጠገን አይሰጥ።